ምላስ ቀለሙን ሲለውጥ፦ በቤት እንዴት ይታያል፣ መቼስ ወደ ሐኪም ይኬዳል?

ጅማ ውስጥ ምላሱ ጠቁሮ ያደረ ሰው መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ስኒውን ነው። ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ የጨረሰ፣ ከሰዓት ጫት የቃመ፣ ማታ ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት የዋጠ ሰው በማግስቱ መስታወት ፊት ቆሞ ቢደነግጥ አያስገርምም። አብዛኛው የምላስ ቀለም ለውጥ በአፍ የገባ ነገር ትቶት የሄደው እድፍ ነው። ጥቂቱ ግን መነሻው ደም፣ ጉበት ወይም ልብ ስለሆነ ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። ቀለሙ ብቻውን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ሲጠረግ ይለቃል? ስንት ቀን ቆየ? አብሮት ሌላ ምን ምልክት አለ?

ጤነኛው ምላስ

ጤነኛ ምላስ ሮዝ ነው፤ ላዩ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ይኖረዋል። ሽፋኑ ወደ ጉሮሮ በኩል እየወፈረ ይሄዳል፤ የፊተኛው ክፍል ከጥርስና ከምግብ ጋር እየተፋተገ ይጸዳል፣ የኋላውን ግን እምብዛም የሚነካው ነገር የለም። ምላስን ሲነኩት የሚሻክረው እንደ ምንጣፍ ጸጉር የቆሙ ጥቃቅን ጉጦች ስላሉት ነው። ቁመታቸው በደህናው ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ጫፋቸው በየጊዜው እየረገፈ ይታደሳል። መርገፉ ሲቆም ምን እንደሚሆን ወደ ታች እናያለን፤ የ«ጥቁር ምላስ» ምስጢር እዚያ ነው።

ሁለት ነገሮች ሰውን በከንቱ ያስደነግጣሉ። አንደኛው ከምላስ ሥር በኩል በቀስት ቅርጽ የተደረደሩ፣ ብዛታቸው ከ8 እስከ 12 የሚደርስ ጉብ ጉብ ያሉ ነገሮች ናቸው። ሰው ምላሱን ጎትቶ ሲያይ «እብጠት አወጣሁ» ይላል፤ ሁሉም ሰው ያለው የጣዕም ጉጥ ነው። ሁለተኛው በጠይምና በጥቁር ሰዎች ምላስ ጫፍና ጎን ላይ የሚታይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ድድን ከሚያጠቁረው ሜላኒን አይለይም። ለዓመታት የኖረ፣ የማያም፣ መጠኑንና ቅርጹን የማይለውጥ ከሆነ በሽታ አይደለም። በብሩሽ አይለቅም፤ ለማስለቀቅ መታገል ምላስን ከማቁሰል በቀር የሚያመጣው ነገር የለም።

በቤት ውስጥ አፈታተሽ

የሚያስፈልገው መስታወት፣ ንጹሕ ጎዝ (ከማንኛውም ፋርማሲ ይገኛል)፣ ጥቂት ንጹሕ ውሃና ካሜራ ያለው ስልክ ብቻ ነው።

1. ጠዋት፣ ቁርስና ቡና ሳይቀመስ፣ ጥርስ ሳይቦረሽ ይጀምሩ። እጅዎን ታጥበው አንድ ሁለት ጊዜ በውሃ ይጉመጥመጡና ይትፉ።

2. መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ላይ ይቁሙ። የጅማ ክረምት ሰማይ የቱንም ያህል ቢደምን የቀን ብርሃን ከአምፖል ይሻላል። ቢጫ አምፖል ሮዙን ምላስ ቢጫ ያስመስላል፤ የስልክ መብራት ደግሞ በምራቁ ላይ እያንጸባረቀ ነጭ የሌለበትን ነጭ ያደርጋል።

3. ምላስን ዘና አድርገው ያውጡ። ከ10 ሰከንድ በላይ ወጥረው አይያዙት። ሲወጠር ደም ይቋጥርና ይጠቁራል፤ ብዙ ሰው «ወይን ጠጅ ሆነብኝ» የሚለው ራሱ በወጠረው ምላስ ነው።

4. ጫፉን በጎዝ ይዘው ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ሳብ ያድርጉ፤ ጎኖቹን እስከ ኋላ ድረስ ይዩ። ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። የምላስ ካንሰር በብዛት የሚነሳው ከመሀል ሳይሆን ከጎን ስለሆነ ሊዘለል የማይገባው ደረጃ ይሄ ነው።

5. ምላስን ወደ ላንቃ አንስተው ከሥሩ ይመልከቱ። ሰማያዊ የደም ሥሮች መታየታቸው ጤናማ ነው። ቢጫነት ካለ ግን እዚህ ቦታ ይታያል።

6. ጎዙን አርጥበው በአመልካች ጣት ይጠቅልሉ፤ ቀለሙ ያለበትን ቦታ ለዘብ አድርገው 3 ወይም 4 ጊዜ ይጥረጉ። ቀለሙ ወደ ጎዙ ከመጣና ሥሩ ሮዝ ከሆነ እድፍ ወይም የምግብ ቅሪት ነው። እንደ አይብ ፍርፋሪ ተነስቶ ሥሩ ቀይ ከሆነ ወይም ከደማ ፈንገስ ይጠረጠራል። ጨርሶ ካልተነሳ ወይ የተፈጥሮ ቀለም ነው፣ ወይ የምላሱ ቆዳ ራሱ ተለውጧል። ያልተነሳው ነጭ ከሆነ ሐኪም ይየው።

7. ፎቶ አንሱት። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙት። «እየባሰ ነው» እና «እየለቀቀ ነው» የሚለውን በትዝታ መወሰን ያሳስታል።

ፍተሻው በቀን አንዴ ይበቃል። ደጋግሞ መፈግፈግ ራሱ ምላስን ያቀላል፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው በሽታው ይሁን የጣት ሥራ መለየት አይቻልም።

ጥቁርና ቡናማ

የአንድ ቀን ጥቁረት ብዙም አያነጋግርም። ቡና፣ ሻይ፣ ሲጋራና ሺሻ ቡናማ ያደርጋሉ። ጫት አረንጓዴ የቀላቀለ ቡናማ ይተዋል፤ በተለይ በሚቃምበት ጎን ይበረታል። ዶቅማ የበላ ልጅ ምላሱ ወይን ጠጅ ይሆናል፤ ቀይ ስር ቀይ፣ ቀለም የተነከረ ከረሜላ ደግሞ እንደ ቀለሙ። እነዚህ ሁሉ ነገሩ ከቆመ በሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃሉ።

የማይለቀው ጥቁረት ሌላ ነው። ከላይ ያልናቸው ጉጦች ጫፋቸው ካልረገፈ ይረዝማሉ፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ተነስተው ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ ሊደርሱ ይችላሉ። ያን ጊዜ ምላሱ መሀሉ ላይ ጸጉር ያበቀለ ይመስላል። በረዘሙት ጉጦች መካከል የቡና ቅሪት፣ የትምባሆ ጭስና ቀለም የሚያመነጩ ባክቴሪያዎች ይሰበሰባሉ፤ ጥቁረቱ የሚመጣው ከእነሱ ነው። ስሙ «ጸጉራም ምላስ» ይሁን እንጂ አንድም ጸጉር የለበትም። አይተላለፍም፤ ብዙውን ጊዜ አያምም። የሚያስቸግረው የአፍ ጠረኑ፣ የብረት ብረት የሚል ጣዕሙና ላንቃን የሚኮረኩር ስሜቱ ነው።

ጉጦቹ እንዳይረግፉ የሚያደርጉት ነገሮች ጅማ ላይ አንድ ላይ ይገናኛሉ። ጫት አፍ ያደርቃል፤ ምራቅ ሲያንስ ምላስ የሚታጠብበት ያጣል። የጫት ዕለት ምግብ ይዘለላል፤ ምላስን የሚፈገፍገው ጠንከር ያለ ምግብ ደግሞ በለስላሳና በስኳር ይተካል። ማታ የሚቦርሽ ጥቂት ነው። በላዩ ላይ ለ14 ቀን የሚወሰደው የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲጨመር ነገሩ ሙሉ ይሆናል፤ አሞክሲሲሊን፣ ክላሪትሮማይሲንና ሜትሮኒዳዞልን የመሰሉ መድኃኒቶች የአፍን ባክቴሪያ ሚዛን ስለሚያናጉ ምላስ እንዲጠቁር በር ይከፍታሉ።

ለጨጓራ ከሚታዘዙት መካከል ቢስመዝ ያለበት ከሆነ ታሪኩ ከዚህም ያጥራል። ቢስመዝ በምራቅ ውስጥ ካለ ሰልፈር ጋር ሲገናኝ ጥቁር ውሁድ ይሠራል፤ ምላስም ሰገራም ይጠቁራል። መድኃኒቱ ሲያልቅ በቀናት ውስጥ ይጠፋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምላሱ ስለጠቆረ ብቻ አንቲባዮቲኩን በአምስተኛው ቀን ያቋርጣል። ባክቴሪያው ሳይሞት ይቀርና ቀጣዩ ሕክምና ይከብዳል። ጥቁረቱን ችሎ መድኃኒቱን መጨረስ ይሻላል። ነገር ግን ቢስመዝም አይረንም ሳይወስዱ ሰገራ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ተጣብቆ፣ ከወትሮው የከፋ ጠረን ካለው የጨጓራ ወይም የአንጀት መድማት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የልጆች የአይረን ሽሮፕም ምላስንና ጥርስን ያጠቁራል። በመርፌ አልባ ስሪንጅ ወደ ጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ጠጋ አድርጎ መስጠት፣ ወዲያው ውሃ ማስከተል ይቀንሰዋል። የአፍ መጉመጥመጫው ክሎርሄክሲዲን ደግሞ የድድ ቁስልን እየረዳ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ጥርስና ምላስን ቡናማ ያደርጋል፤ ቡናና ሻይ ሲጨመርበት እድፉ ይጠነክራል። ሐኪም ካዘዘው የቀን ብዛት በላይ «ጥሩ ነው» ብሎ መቀጠል አያስፈልግም። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ዚዶቩዲን ምላስና ጥፍር ላይ ጥቁር ቀለም ሊያመጣ ይችላል፤ ይሄም መድኃኒት የሚያስቆም አይደለም።

አንድ ጥቁረት ግን በቸልታ አይታለፍም። ምላስ፣ ድድ፣ የእጅ መዳፍ መስመሮችና የቆዩ ጠባሳዎች በአንድ ወቅት አብረው መጥቆር ከጀመሩ፣ አብሮም ድካም፣ ክብደት መቀነስ፣ ሲነሱ ማዞር፣ የጨው አምሮት ካለ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች ሥራቸውን እያቆሙ ሊሆን ይችላል። ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ከምክንያቶቹ አንዱ ቲቢ ራሱ ነው። ይህ ምላስን በመፋቅ የሚጸዳ አይደለም።

ነጭ

ጠዋት ላይ ሳሳ ያለ ነጭ ሽፋን፣ ረመዳን ላይ ከሰዓት የሚወፍር ነጭነት፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ምላስ ላይ የሚጋገር ነጭ፣ ሁሉም ከምራቅ ማነስ የሚመጡ ናቸው። ለጾመኛ ከሱሁር በኋላ ጥርስንም ምላስንም ማጽዳት ልዩነቱን በዚያው ቀን ያሳያል። እግረ መንገዳችንን፦ ምላስ ነጭ ሆነ ማለት ታይፎይድ ያዘ ማለት አይደለም። ታይፎይድ የያዘው ሰው ምላስ ሊጋገርና ጠርዙ ሊቀላ ይችላል፤ ወባ የያዘው፣ ጉንፋን የያዘው፣ ሁለት ቀን ውሃ ያልጠጣውም እንዲሁ። ምላስ አይቶ አንቲባዮቲክ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የበሽታውን ምልክትም ያጠፋል። ትኩሳት ካለ ጊቤ ሸለቆ በኩል ደርሶ ለተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው የወባ ምርመራ ነው።

ፈንገስ ሲሆን ነጩ በምላስ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ጉንጭ ውስጥ፣ ላንቃ ላይ፣ ድድ ላይ ይወጣል። ሲጠረግ ሥሩ ይቀላል፣ ይቆጠቁጣል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ላይ ከወተት ቅሪት ጋር ይምታታል፦ ወተት ምላስ ላይ ብቻ ነው፣ በእርጥብ ጎዝ ያለ ችግር ይነሳል፤ ፈንገስ ጉንጭ ውስጥም አለ፣ በቀላሉም አይነሳም።

ለሕፃን የሚሰጠው ኒስታቲን ጠብታ ነው። በብዛት ያለው በ1 ሚሊ ሊትር 100,000 ዩኒት የያዘው ሲሆን የተለመደው መጠን 1 ሚሊ ሊትር፣ በቀን 4 ጊዜ፣ ለ7 ቀን ነው፤ ጤና ባለሙያ አይቶ ይዘዘው። አሰጣጡ መድኃኒቱን የማስዋጥ ያህል አይደለም። ፈንገሱን ሲነካ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ካጠባ በኋላ ይሰጣል፣ ግማሹ በግራ ግማሹ በቀኝ ጉንጭ ይደረጋል፣ በንጹሕ ጎዝ በነጮቹ ላይ ይቀባል፤ ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማጥባት ይቆያል። የእናት የጡት ጫፍ ቀልቶ የሚያሳክክ ከሆነ እሷም አብራ መታከም አለባት፤ ያለዚያ ሁለቱ እየተቀባበሉት ይከርማል። የጡጦ ጫፍ ካለ በየቀኑ ይቀቀል።

ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ ፈሳሽ ከታዘዘ ለአፍ የሚሆነው 0.25 በመቶው ነው። ለቆዳ የተሸጠውን ጠንካራውን አፍ ውስጥ መቀባት የአፉን ቆዳ ያቆስላል። በቀን 2 ጊዜ በቀጭኑ ይቀባል፤ ምላሱ በእርግጥ ሐምራዊ ይሆናል፣ እሱ በቀናት ይለቃል። ሚኮናዞል የአፍ ጄል ደግሞ ወፍራም ስለሆነ ለትንንሽ ሕፃናት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ ሊያንቅ ይችላል፤ ከ4 ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

የሕፃን አፍ ነጭ ሆኖ መጥባት ሲያቅተው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ «ግግ አውጥቶ ነው» የሚል ምክር ከጎረቤት መምጣቱ አይቀርም። እንጥል ማስቆረጥና ድድ ማስወጋት ፈንገሱን አይነካም፤ መድማት፣ ኢንፌክሽንና ሞት ሊያመጣ ይችላል። ይህን ሳንለሳልስ መናገር ይሻላል።

አዋቂ ሰው ላይ ፈንገስ ከወጣ ጥያቄው «በምን ይጥፋ?» ብቻ ሳይሆን «ለምን ወጣ?» መሆን አለበት። ለአስም ቤክሎሜታዞን የሚስብ ሰው ከእያንዳንዱ መሳብ በኋላ ተጉመጥምጦ ካልተፋ ይወጣበታል። አንቲባዮቲክ ለብዙ ቀን የወሰደ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳያወልቅ የሚተኛ እንዲሁ። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የስኳርና የኤች አይ ቪ ምርመራ ይደረግ። ከተበላ 8 ሰዓት በኋላ የተለካ የደም ስኳር 126 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም በላይ ሆኖ በድጋሚ ልኬት ከጸና ስኳር በሽታ ነው። ሲውጡ ደረት ውስጥ የሚያም ከሆነ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቧንቧ ወርዷል፤ ይህ በጠብታ አይድንም፣ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

የማይለቅ ነጭ ሦስት መልክ አለው። በምላስ ጎን ላይ ሽክርክር ያለ፣ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸነሸነ ነጭ ከሆነ ሰውነት መከላከያው መድከሙን ያመለክታል፤ ኤች አይ ቪ ይመረመራል። እንደ ዳንቴል የተጠላለፈ ነጭ መስመር ከሆነ ላይከን ፕላነስ የሚባለው ሊሆን ይችላል፤ አይተላለፍም፣ ሐኪም እየተከታተለ ይይዘዋል። ወፍራም፣ ጠርዙ የለየ ነጭ ልጣፊ የመሰለ ከሆነ ግን፣ በተለይ በሚያጨስ፣ መጠጥ በሚያዘወትር ሰው ላይ፣ ወደ ካንሰር ሊሄድ የሚችል ስለሆነ ናሙና ተቆርጦ መመርመር አለበት። ጫት በሚቃምበት ጉንጭ ላይም እንዲህ ያለ ነጭ ይታያል፤ «ጫቱ ነው» ብሎ መተው ትክክል አይደለም፤ መቃሙን አቁሞ ከ2 ሳምንት በኋላ ካልጠፋ ማሳየት ነው።

ቀይ፣ ልስልስ ያለና የገረጣ

ጉጦቹ ሲጠፉ ምላስ እንደ ተላጨ ይለሰልሳል፣ ይቀላል፤ በርበሬና ሚጥሚጣ ያቃጥለዋል። ይህ ብዙ ጊዜ የአይረን፣ የፎሌት፣ የቢ12 ወይም የሌሎች ቢ ቫይታሚኖች እጥረት ነው። የገረጣ ምላስ ደግሞ የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልብጠው፣ መዳፍን ዘርግተው ያነጻጽሩ። ሦስቱም ከገረጡ የሄሞግሎቢን ምርመራ ያስፈልጋል። በጅማ ዙሪያ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት የሚረግጥ የቡና ማሳ ሠራተኛ ላይ መንጠቆ ትል፣ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ላይ ወባ፣ ሴቶች ላይ ብዙ የወር አበባ ይታሰባል። የሰገራ ምርመራ ሳይሠራ አይረን ብቻ መዋጥ ቀዳዳ ባልዲ መሙላት ነው።

አይረን ከቡናና ከሻይ ጋር አይስማማም። ከቡና 1 ሰዓት በፊት ወይም 2 ሰዓት በኋላ ይዋጥ፤ በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ከሆነ ይበልጥ ይሠራል። ምሳ እንዳለቀ ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ ከባዱ ነገር ይኸው ነው፤ ማታ ሲተኙ መዋጥ ለብዙዎች ይቀላል።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከዕንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። 55 ቀን ሁዳዴ የጾመ ሰው «ጾሙ ነው ያቀላው» ቢል ብዙ ጊዜ አይሆንም፤ ጉበት የሚያከማቸው ቢ12 ለዓመታት ይበቃል። ይልቅ ለዓመታት ኦሜፕራዞል ወይም ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው ላይ እጥረቱ ይጠረጠራል። እጅና እግር መደንዘዝ ከተጨመረ መዘግየት የለም፤ የነርቭ ጉዳቱ ከቆየ አይመለስም።

በምላስ ላይ ቀይ ደሴት የመሰለ፣ ነጭ ጠርዝ ያለው፣ ዛሬ እዚህ ከቀናት በኋላ እዚያ የሚሄድ ከሆነ «ካርታ ምላስ» ነው። ጉዳት የለውም፤ መድኃኒትም አይፈልግም። ሚጥሚጣ ሲያቃጥል መቀነስ ብቻ ነው።

ልጅ ላይ ግን ቀይ ምላስ ሌላ ነው። ትኩሳት፣ ጉሮሮ ሕመም፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ሽፍታ ኖሮ፣ ምላሱ መጀመሪያ ነጭ ሆኖ በአራተኛ አምስተኛው ቀን እንጆሪ ከመሰለ በስትሬፕ ባክቴሪያ የመጣ ነው። አንቲባዮቲኩ ሙሉውን ይወሰድ፤ በደንብ ያልታከመ የስትሬፕ ጉሮሮ ሕመም ቆይቶ የልብ በር ሊያበላሽ ይችላል። ትኩሳቱ 5 ቀን ካለፈና ዓይን ቀልቶ፣ ከንፈር ተሰነጣጥቆ፣ እጅና እግር ካበጠ ሐኪም በዚያው ቀን ይየው።

ቢጫና ሰማያዊ

እርድ የበዛበት አልጫ ምላስን ቢጫ ያደርጋል፤ የጸጉራም ምላስ መጀመሪያም ቢጫ ነው። የጉበቱ ቢጫ የሚለየው በቦታው ነው፦ ከምላስ ላይ ሳይሆን ከምላስ ሥርና ከዓይን ነጭ ላይ ይታያል፤ ሽንት እንደ ሻይ ይጠቁራል። ሰው የወፍ በሽታ ብሎ ወደ ቅጠል ይሄዳል፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። የጉበት ምርመራ ይቅደም።

ሰማያዊ ወይም ግራጫ ምላስ ቀለም ያለው ነገር ሳይበላ ከመጣ ጊዜ አይሰጥም። በብርድ ከንፈርና ጣት ብቻ ቢሰማየር ሲሞቅ ይመለሳል፤ ምላስ ከሰማየረ ግን ደሙ ኦክስጅን አጥሮታል ማለት ነው። ፎቶ፣ ጎዝ፣ የሦስት ቀን ክትትል የሚባል ነገር የለም። ሰውየውን ቀና አድርጎ አስቀምጦ፣ የአንገት ልብሱን ፈትቶ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ፣ ወይም በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥራት ነው። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ምላሱ የሚሰማየር ሕፃን ወዲያው ቢመለስለትም የልብ ምርመራ ያስፈልገዋል።

እድፉን ማጽዳት

ፍተሻው እድፍ ወይም ጸጉራም ምላስ ካለ ሥራው የ2 ሳምንት ነው።

ጠዋትና ማታ፣ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ፣ የምላስ መፋቂያ ወይም ጠርዙ ያልተሳለ የሻይ ማንኪያ ያዘጋጁ። ምላስን አውጥተው ማንኪያውን ገልብጠው ከቻሉት ያህል ወደ ኋላ ያሳርፉና በአንድ አቅጣጫ ወደ ፊት ይሳቡ። ወደ ኋላ አይግፉ፤ ቆሻሻውን ወደ ጉሮሮ ይወስደዋል፣ ማቅለሽለሽንም ይጠራል። በእያንዳንዱ ስበት ማንኪያውን ያለቅልቁ፤ ከ5 እስከ 10 ስበት ይበቃል። የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ አየር እያስወጡ ይሳቡት፤ ወደ ኋላ መሄዱን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ይጨምሩ። ደም ከታየ ጫናው በዝቷል። ማንኪያው ለዚህ ብቻ ይሁን፣ በፈላ ውሃ ይታጠብ።

ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ወይም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው 30 ሰከንድ ተጉመጥምጠው ይትፉ። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነው፤ አሲድና ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ አይተካውም። ሎሚና ጨው ማሸት የጥርስን ሽፋን ይበላል። በረኪና አይነካም። የረዘሙትን ጉጦች በመቀስ ወይም በምላጭ መቁረጥ የሚሞክሩ ሰዎች አሉ፤ አይሞከር።

ቡናን ማቆም አያስፈልግም፤ ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ምክር የሚሰማም የለም። ከእያንዳንዱ ስኒ በኋላ አንድ ሁለት ጉንጭ ውሃ መጉመጥመጥ፣ በረካውን መተው፣ ሲጋራና ጫትን ለሁለቱ ሳምንት ማቆም ይበቃል። ሻካራ ምግብ ይጠቅማል፦ ቆሎ፣ ጥሬ ካሮት፣ የተጠበሰ በቆሎ። በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ብዙ ለውጥ አይታይም፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ጠርዙ መሳሳት ይጀምራል፣ መሀሉ መጨረሻ ላይ ይለቃል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ

በ2 ሳምንት ያልለቀቀ ቀለም፣ የማይድን ቁስል፣ ሲዳሰስ የሚጠነክር ቦታ፣ በአንድ ጎን ብቻ ያለ ቀይ ወይም ነጭ፣ ምላስ ማንቀሳቀስ ወይም መዋጥ ማስቸገር፣ አንገት ላይ የማይጠፋ እብጠት ካለ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ናሙና የሚያስፈልገው ከሆነ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል በሪፈር ይላካል። አለማመሙ ማረጋገጫ አይሁንዎ፤ የምላስ ካንሰር መጀመሪያው ላይ ብዙ ጊዜ አያምም።

ሲሄዱ የፎቶዎቹን ቀን ተራና ባለፉት ሁለት ወራት የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይያዙ፤ የቅጠል መድኃኒትም ይጨመር፣ ካፈሩበትም ይነገር። በዚያ ጠዋት ምላስዎን አይፋቁ፣ ሐኪሙ የሚያየው እሱኑ ነውና። ቡናውም ይቆይ፤ የስኳር ምርመራ ሊታዘዝ ስለሚችል በባዶ ሆድ መድረስ ሁለተኛ ቀን ከመመላለስ ያድናል።